የይኸነው ዶማ

የባሌ የይኸነው መቃብር የተቆፈረው በራሱ ዶማ ነው። ከግድግዳው ላይ አውርዶ የወሰደው ወንድሜ ደረሰ ነው። መቆፈሪያ አልጠፋም ነበር፤ ዕድርተኛው ሁሉ የየራሱን ይዞ መጥቷል። ደረሰ ግን ከለቀስተኛው መሃል ወጥቶ ወደ ቤት ገባና «የእሱን ዶማ ስጪኝ» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አርባው ካለፈና ሰው ከቀለለልኝ በኋላ፣ ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በፍልሰታ ጾም ነው።

እኛ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለው ደጋ ነን። ዐሥራ አንድ ቤት ሆነን የዘር ድንች እናመርት ነበር፤ ለምግብ ሳይሆን ሌላው ገበሬ ወስዶ የሚተክለውን። የእኛ ማሳ ከላይ ነው፤ ከሥሩ የአምስት ጎረቤት ማሳ ተያይዞ ይወርዳል፤ የቀሩት ከጎን ናቸው። ማኅበሩ ሲቋቋም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመን ቃል ገብተናል። ከውጭ የመጣ ድንች ማሳችን አይገባም፤ በሽታ ያየ አይደብቅም። ሰብሳቢው ደረሰ ነበር።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ እህቴ ዓባይነሽ ከዳንግላ ልትጠይቀኝ መጣች። ባዶ እጇን መምጣት አትወድም፤ አንድ ቅርጫት ድንች ይዛልኝ ነበር። ቀይ፣ ሲቀቀል ፍርፍር የሚል። በላነው። ከቅርጫቱ ሥር አምስት የበቀሉ ቀሩ። ልጥላቸው አነሣሁና እጄ እምቢ አለኝ፤ የእህት ስጦታ ነው። ከማሳችን ዳር፣ ከአጥሩ ሥር ተከልኳቸው። ለቤት እንጂ ለዘር አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለይኸነው ግን አልነገርኩትም።

ነሐሴ ገብቶ ማሳው አበበ። አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ስትወጣ፣ ከአጥሩ ሥር ከተከልኳቸው አንዷ ድንች አንገቷን ደፍታ አየሁ። መሬቱ ጭቃ ነው፤ ውሃ የጠማት አይደለችም። ቅጠሏ ግን የፈላ ውሃ እንደነካው ጎመን ሆኗል። ከጎኗ ያለችው፣ የእኛው ዘር የሆነችውም፣ አንድ ቅርንጫፏን መጣል ጀምራለች።

ይኸነውን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አያት፤ ግንዷን ከሥሯ ቆረጠና ቤት ገብቶ ንጹሕ ውሃ በብርጭቆ ቀዳ። ሥልጠና ላይ ያሳዩን ነገር ነው። የተቆረጠውን ግንድ ውሃው ውስጥ አንጠልጥለህ ትጠብቃለህ፤ ድንቹ ጤነኛ ከሆነ ውሃው እንደጠራ ይቆያል። ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ሁለታችንም ቆመን አየን። ብዙም አልቆየ። ከግንዱ አፍ ወተት የመሰለ ነጭ ክር ወጣና ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ።

«አጠውልግ ነው» አለ። አጠውልግ አንዴ ከገባ መሬቱን ለዓመታት የማይለቅ፣ በውሃም በዘርም የሚሄድ በሽታ ነው።

«አንድ እግር ድንች ናት። ነቅለን እናቃጥላት» አልኩት።

«ውሃው ወደ ማን ነው የሚወርደው?»

የሚወርደው ወደ ጎረቤታችን ወደ ምስጋናው ማሳ፣ ከዚያም ወደ ሌሎቹ ነው።

«ከየት ገባ ግን?» አለ፤ እኔን ሳይሆን ራሱን ሲጠይቅ። ቆየት ብሎ ፊቱ ተለወጠ። «ዶማዬ ነው። ሰኔ ላይ ቆላ ወርጄ ለወዳጄ ለሙሐባው ወንፈል ስወጣለት ይዤው ነበር። ሳላጥበው ተመለስኩ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌንም ከፍቻለሁ። የወጣው ቃል ግን «ቅዳሴው እንዳይረፍድብህ» የሚል ነው።

እሱ እንደሄደ ሁለቱንም እግር ነቀልኩና ምድጃ ውስጥ ከተትኩ፤ ጉድጓዱንም አፈር መለስኩበት። ሲመለስ አየው። አልተቆጣም።

«ጉድጓዱን ደፈንሽው» አለ። «ውሃውንስ ማን ይደፍነዋል?»

ከዚያ ዶማውን አምጥቶ በአመድና በፈላ ውሃ ያጥብ ጀመር። ሦስት ጊዜ አጠበው።

ደረሰ በማግስቱ መጣ። ገና ከበር «የአማቼ ድንች ሙሽራ መስሏል! ሐሙስ የዘር ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ እኔ ሚዜ ነኝ» እያለ። ይኸነው አስቀመጠውና ነገረው። ደረሰ ሳቁ ከፊቱ ሳይጠፋ ደረቀ።

«ስንት እግር?»

«የታየው ሁለት።»

«ሁለት ሰው አስነጠሰ ተብሎ ገበያ ይዘጋል?»

«ዘር እኮ ነው፣ ደረሰ። የጥሊሊ ሰዎች ይተክሉታል።»

«ተቆጣጣሪዋ እንደሆነች ዳር ዳሩን አይታ ነው የምትሄደው። ከጠየቀችህ መልስ። ካልጠየቀችህ ዝም ማለት ውሸት አይደለም።»

«ቃል ስንገባ እንደሱ ብለን ነበር?»

«አንተ ብቻህን ልትጸድቅ ዐሥር ቤት ታፈርሳለህ» አለና ተነሣ። ወደ እኔ ዞሮ «እቴ፣ ንገሪው እንጂ። ባልሽ አይደለም?» አለኝ።

ዕቃ አጥብ ነበር። ቀና አላልኩም።

በዚያ ፍልሰታ አብረን ልንቆርብ ተዘጋጅተን ነበር። ረቡዕ ጠዋት ይኸነው «እኔ ዘንድሮ እቀራለሁ» አለኝ። «ቃል አፍርሼ በምን አፌ እቀበላለሁ? ለአባታችን ነግሬያቸዋለሁ። በሰው ፊት ተናገር ብለውኛል፤ ነገ እናገራለሁ።»

ማሳውን ማጣቱን እችለው ነበር። ይኼን ግን አልቻልኩም። ባላጠፋው ጥፋት ከቁርባን ሊቀር ነው፤ እኔ ደግሞ ነጠላዬን አጥቤ አስጥቻለሁ።

ወደ ነፍስ አባታችን ወደ ቄስ ምህረቴ ሄድኩ። ከቅዳሴ ወጥተው ከጽዱ ሥር ተቀምጠው ነበር። ከዓባይነሽ ቅርጫት ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀኖና እንዲሰጡኝ ጠበቅኩ፤ ስግደት ቢሉኝ ለመስገድ፣ ጾም ቢሉኝ ለመጨመር።

«ስግደቱ ይደርሳል» አሉኝ። «ባልሽ የተሸከመው ያንቺን ነው። መጀመሪያ እሱን አውርጂለት።»

«ማታ ቤት ውስጥ ልንገረው፣ አባቴ?»

«እሱ የት ነው የሚናገረው?»

«በሰው ፊት።»

መስቀል አሳለሙኝ።

ሐሙስ ሁላችንም ከማሳው ዳር ተሰበሰብን። ተቆጣጣሪዋ ፋና ቦት ጫማ ያደረገች፣ በዕድሜ ልጃችን የምትሆን ሴት ናት። ከጥሊሊ ሀብቱ የሚባል ገበሬ መጥቷል፤ እሱና መንደርተኞቹ የሚወስዱትን ዘር በዓይኑ ሊያይ። ደረሰ ከፊት ከፊት እየሄደ ስለ ዝናቡም ስለ መንገዱም ያወራል። ፋና የእኛን ማሳ አየት አየት አድርጋ መዝገቧን ስትከፍት፣ ይኸነው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ቆዪ ልጄ፣ አትጻፊ። ማሳዬ አጠውልግ ገብቶበታል።»

ደረሰ ማውራቱን ተወ።

«የት ጋ አገኙት፣ አባቴ?»

«ከአጥሩ ሥር። ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቆላ በወሰድኩት ዶማ ነው፤ ሳላጥበው...»

«አይደለም» አልኩ።

ሁሉም ዞረ። አጥሩን ያዝኩ። «ዶማው አይደለም። ከዳንግላ የመጣ ድንች ተክዬ ነው፤ አምስት። እሱ አያውቅም። የታመመውን የነቀልኩትም እኔ ነኝ።»

ይኸነው ሲያየኝ አላየሁትም፤ መሬት መሬት ነበር የማየው። ምስጋናው ከሥራችን ወዳለው ማሳው ወረደ። ሄዶ መሃል ገብቶ ቆመ፤ ከዚያ እዚያው ቁጢጥ አለ። ፋና ተከተለችው። ከእሱ ማሳ ሦስት የጠወለጉ አገኘች፤ አንዱን ቆፍራ ድንቹን ስትሰነጥቀው ውስጡ ቡናማ ቀለበት ሠርቷል።

«ይኼን ነበር ጭነን ልንሄድ» አለ ሀብቱ። ክፋት አልነበረበትም፤ ፈርቶ ነው።

የእኛና ከሥራችን ያሉት አምስቱ ማሳዎች ከዘርነት ወጡ። ከጎን ያሉት ተረፉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ይኸነው ከፊት ነበር። ስድቡን እየጠበቅኩ ተከተልኩት። በር ላይ ሲደርስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዶማ አየና ቆመ።

«ሦስት ጊዜ አጠብኩህ» አለው። «ይኼን ሁሉ ቀን በከንቱ ሳማህ ከረምኩ።»

ሳቀ። እኔ አለቀስኩ።

«ቤት ውስጥ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ በኋላ።

«ብነግርህ የእኔን ደብቀህ በዶማው ታሳብብልኝ ነበር።»

«ሐሰት ያናግረኝ ነበር ማለት ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንሥቶብኝ አያውቅም።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት እሱ ቆረበ። እኔ ስግደቴን ጨርሼ በመስከረም ቆረብኩ፤ ያኔም አብሮኝ ገባ።

ሰው ግን ቶሎ አልረሳልንም። ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ «ሽታዬ፣ ዛሬስ ምን ተከልሽ?» ይሉኝ ነበር። ምስጋናው ሁለት ክረምት ሰላምታውን አሳጠረብን፤ በሦስተኛው ራሱ መጥቶ በሬ ጠየቀን። ደረሰ ደጃችንን አልረገጠም። ሽማግሌ ሲላክበት «ምን ተጣላንና?» ይላል። ይኸነው በማሳው ላይ ገብስና እንግዶ እየዘራ፣ ከአሮጌው ድንች ራሱን ችሎ የበቀለ ባየ ቁጥር እየነቀለ ኖረ። ደረሰን በመንገድ ሲያገኘው ቀድሞ ጎንበስ ይልለታል። ደረሰ ያልፈዋል።

ዘንድሮ በጥር ይኸነው ታመመ፤ ዘጠኝ ቀን ነው የተኛው። ደረሰ ቤታችን የገባው በሞተ ዕለት ነው።

ከቀብር መልስ፣ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ደረሰ ከጓሮ በኩል መጣ። ዶማውን ይዟል። ብረቱ ነጽቷል፤ እጀታው ላይ ግን አመድ ቀርቷል።

«አጠብከው?» አልኩት።

«አጠብኩት።»

«ሦስት ጊዜ?»

ዶማውን ከቦታው ሰቀለና ከግድግዳው ጋር ተደግፎ ቆየ። «ካልጠየቀችህ ዝም በል ብዬው ነበር» አለኝ። «ታሞ ሳለ መጥቼ ልክ አልነበርኩም ልለው ይገባኝ ነበር። እሱ ባይጠይቀኝም።»

አርባው በዐቢይ ጾም ውስጥ ዋለ። ዓባይነሽ ከዳንግላ አንድ ቅርጫት ቀይ ድንች ይዛ መጣች። ለእንግዳው ቀቀልነው። ከቅርጫቱ ሥር ሦስት የበቀሉ ነበሩ። ቡቃያቸውን ሰበርኩና ከሌሎቹ ጋር ቀቀልኳቸው፤ ቡቃያውንና ልጣጩን ምድጃ ውስጥ ከተትኩ።