ሮቢት ላይ የወረደው

«በፈቃዱ ከኮርቻ ለወረደ ሰው ፈረስ አይዞርለትም» አለ ፈንታው። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ግን ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የሚያድሉት ሴቶች ሳይቀሩ ባሉበት ቆሙ።

ከድንኳኑ ደጅ አንድ አይሱዙ ቆሟል። በላዩ ላይ በገመድ ተጠፍራ የታሰረችው ነጭ መኪና የታናሽ ወንድሙ የአላምረው ናት። አላምረው ኮቦ ተወልዶ፣ በአሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ኋላ የመኪና እሽቅድምድም ውስጥ ገብቶ በዚህች መኪና ስሙን ያስጠራ ሰው ነበር። ይዟት የመጣው ሙህሲን ነው። የዋጃ ሰው ነው ሙህሲን፤ በውድድሩ ሁሉ ከአላምረው ጎን ተቀምጦ ከፊት ያለውን መታጠፊያና ጉድጓድ አስቀድሞ ሲነግረው የኖረ። አስከሬኑ አዲስ አበባን ለቆ ወደ ኮቦ ሲሄድ እሱ ወደ ኋላ የቀረው ይህችን ሊያስጭን ነው። በራያ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፤ ኮርቻው ላይ ማንም ሳይወጣ ልጓሙ ተይዞ ለቅሶው መሀል ይዞራል። ሟቹ ወንድ እንደነበረ የሚመሰከረው በዚያ ነው። የአላምረው ፈረስ ይህች ናትና ነገ በሠልስቱ ትዙርለት፤ የሙህሲን ሐሳብ ይኸው ነበር።

ፈንታው ግን የሟቹ ታላቅ ነው፤ በዚህ ነገር ከእሱ በላይ የሚናገር የለም። ሙህሲን «እርስዎ ያሉት ይሁን፣ አያ ፈንታው» ብሎ ሽማግሌዎቹ ጥግ ሄዶ ተቀመጠ።

ፀዲ ይህን ሁሉ የሰማችው ከሴቶቹ መሀል ሆና ነው። የአላምረው ልጅ እሷ ብቻ ናት። ለትምህርት ከሄደችበት ከህንድ አገር ስትደርስ ቀብሩ አልፏል፤ ሙህሲን ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ በዚያው አይሱዙ ይዟት መጣ። መንገዱን ሙሉ አላለቀሰችም። ድንኳን ስትገባ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ሲቀበሏት እንኳ እንባ አልመጣላትም። አብሽሪ፣ ድንጋጤው ነው፣ ሲለቅሽ ይወጣል ይሏታል። እሷ ግን ድንጋጤ እንዳልሆነ ታውቃለች። ሰው የሚያለቅሰው ለሚያውቀው ሰው ነው፤ እሷ አባቷ ማን እንደነበር እርግጠኛ አልነበረችም።

ሙሾ አውራጇ የሻረግ መጥታ ጎኗ ቁጭ አለች፤ ለነገ አባቷን ምን ብላ እንደምትጠራው ጠየቀቻት። «ጀግናው እላለሁ ብዬ ስጀምር ያች ሮቢት መጥታ አፌን ትይዘኛለች፣ ሆዴ» አለች።



ሮቢት ከኮቦ በፊት በወልድያ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የዚያችን የሮቢት ነገር ኮቦ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከደሴ ተነስቶ አላማጣ የሚያልቅ ውድድር የተዘጋጀ ጊዜ፣ አላምረው በአገሩ መሀል ከሁሉም ቀድሞ ሊያልፍ ነው ተብሎ ከተማው ሥራ ፈትቶ ወጣ። ያን ጊዜ መንገዱ ገና ጠጠር ነበር። ፀዲ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ናት። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደጋት ፈንታው ነው፤ አባቷን የምታየው ከውድድር ውድድር ሲመቸው ነበር። የዚያን ቀን ፈንታው ሙክት አሰናድቶ፣ እሷን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ከተማሪዎቹ ጋር መንገድ ዳር ቆመ። ተማሪዎቹ ቄጠማ ይዘዋል። ከሮቢት በኩል አቧራ ሲነሳ እልልታው ቀለጠ። አቧራው ሲገለጥ ግን ሌላ መኪና ነው። ሌላም አለፈ፤ ሌላም። ሁሉም ካለፉ በኋላ ነጯ መኪና እንደ ጋሪ እየተንቀረፈፈች መጣች። መሪውን የያዘው ሙህሲን ነው። የአባቷ ወንበር ላይ አባቷ የለም።

አላምረው ሮቢት ላይ ወርዶ በአውቶቡስ ወደ ወልድያ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ መሪ ይዞ አልተወዳደረም። ፈንታው ልጅቱን ከትከሻው አውርዶ እጇን ይዞ ወደ ቤት ሄደ፤ ያንን ሙክት የበላው ጎረቤት ነው።

ፈራ ተባለ። የደጋውን ገደል ሁሉ ያለፈ ሰው ሜዳ ላይ ደርሶ ነፍሱ ሳሳች ተባለ። ውሎ አድሮ ነገሩ ተረት ሆነ፤ ለሙሽራም፣ ለተከራካሪም፣ ፈተና ለሚቀመጥም «ሮቢት ላይ እንዳትወርድ» ይባል ጀመር። ፀዲ ከአስተማሪዋ አፍ ሰምታዋለች፤ ሰውየው የማን ልጅ መሆኗን አያውቅም ነበር፣ ክፍሉ ግን ያውቃል። ወደ ህንድ ልትሄድ ስትል አባቷን ጠየቀችው። ሞተሩ ሞቆ ነበር አላትና ሳቀ። በዚያው ሞተር ሙህሲን ኮቦ መድረሱን በዓይኗ አይታለች። ከዚያ በኋላ ስልኩን ስታነሳ ስለ አየር ጠባይ ብቻ ነበር የሚያወሩት።

ከሰዓት በኋላ የዞብል ተራራ በሙቀት ጭጋግ ሲደበዝዝ፣ አላምረው ያሠለጠናቸው ሾፌሮች መጡ። አላምረው መንዳቱን ከተወ በኋላ ሲወዳደርለት የነበረው ድርጅት የእሽቅድምድም ቡድን መሪ ሆኖ ነበርና እስኪሞት ድረስ ሲያሠለጥን ኖሯል። ጌታሁን የሚባለው ጎረምሳ ጨዋታ ያውቃል፤ ለቅሶኛውን ማጫወት የእሱ ዕጣ ሆነ። ጋሼ አላምረው ውድድር በመጣ ቁጥር መንገዱን በእግሩ ይሄደው እንደነበር፣ መኪና ሳያይ በድምፁ ብቻ የትኛው ሾፌር እንደሚመጣ ይለይ እንደነበር አወራ። አዲስ ሾፌር ሲቀጠር ደግሞ የራሱን መሐረብ አውጥቶ አንድ ዓይኑን ያስርበትና በበርሜሎች መሀል ቀስ ብለህ ንዳ ይለዋል።

«እኔ ሦስቱን በርሜል ገጭቼ ስወርድ ይቆጣኛል ስል፣ በል አሁን የማታየው ወገን እንዳለህ አወቅህ፣ ሂድ ሻይ ጠጣ አለኝ» አለ ጌታሁን። «ሰውየው ለይቶለታል ብለን ስንስቅ ነበር።»

ድንኳኑም ሳቅ አለ። ያልሳቀው ሙህሲን ብቻ ነው። ፀዲ አየችው። አንድ ነገር ትዝ አላት፤ አባቷ መንገድ ሲሄዱ ሁልጊዜ በቀኙ ያደርጋት ነበር፤ በግራው ስትሄድ ምንም ሳይናገር ዞሮ ቦታ ይለውጣል። የዱሮ ሰው ሥርዓት ይመስላት ነበር።

ተነስታ ወደ አይሱዙው ሄደች። ሙህሲን ተከተላት፤ ልታስከትለው እንደወጣች ገብቶታል። ከመኪናው ጥላ ሥር ቆሙ።

«ዓይኑ ነው?» አለችው።

«የግራው» አለ ሙህሲን። «ቀስ በቀስ ነው የጠፋው። መጀመሪያ ጭላንጭል ነበረው፤ ኋላ እኔ ስነግረው ብቻ ነበር በግራ ያለውን የሚያውቀው።»

ከዚያ ሳታቋርጠው ነገራት። የዚያን ቀን ከሮቢት በፊት ባለችው በጎብዬ ገበያ ነበር። ሰው መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶታል። አንዲት ሴት አህያዋ አምልጣት ተከትላ ገባች፣ በግራ በኩል። ሙህሲን ጮኸ፤ አላምረው በድምፁ ብቻ መሪውን ጠመዘዘ፤ የሴትየዋ ነጠላ ጫፍ መስታወታቸውን ገርፎ አለፈ።

«ትንሽ እንደሄድን፣ ምን ነበር? አለኝ። ሴት ናት አልኩት። ሮቢት ልንገባ ስንል፣ ኮቦ ላይ ተማሪዎቹ የሚቆሙት በየት በኩል ነው? አለኝ። ትምህርት ቤቱ በግራ አይደል፣ በግራ ነው አልኩት። ሞተሩን አጠፋ። ልጄ እዚያ ናት፣ ከዚህ ወዲያ አንድ ክንድ አልነዳም፣ አንተ ቀስ ብለህ አሳልፋት አለኝና ወረደ።»

ፀዲ የአይሱዙውን እንጨት ያዘች። የመጣላት ግን እንባ ሳይሆን ቁጣ ነበር።

«እንዲህ ሆኖ ስንት ጊዜ ነዳ?»

«ከሚገባው በላይ» አለ ሙህሲን፤ ሊያቃልለው አልሞከረም። «እሱም ያውቀዋል። ለዚህ ነው አፍህን ያዝ ያለኝ። ዕውር ሆኖ በሰው መሀል ሲጋልብ ኖረ ከሚሉኝ ፈሪ ይበሉኝ አለ። ወላሂ፣ ላንቺም የነገርኩሽ ስለጠየቅሽ ነው። ለድንኳኑ አልናገርም።»

ያን ምሽት ሴቶቹ መሀል ጋደም ብላ ስትገላበጥ ቆየች። የሞተ ሰው ፈረስ ዞረለት አልዞረለት ምን ይጠቅመዋል? ብላ ራሷን ጠየቀች፤ በተማረችበት አገር ቢሆን እንዲህ ብላ ትጨርሰው ነበር። ፈሪ ነው ብላ ስታዝንበት የኖረችው ሰው ፈሪ አልነበረም። ንጹሕም አልነበረም። እያወቀ አጥፍቶ ሲያበቃ በቃኝ ያለ ሰው ነው፤ በቃኝ ያለውም የአገሩ ሰው ሁሉ ቆሞ በሚጠብቅበት ቀን። ይህን ሰው ያለ ፈረስ ማሰናበት ከበዳት። ልንገራችሁ ብትል እንኳ ይህን ለድንኳን ማስረዳት የሚቻል አልመሰላትም። ፈንታው ግን ድንኳን አይደለም።

በሠልስቱ ጠዋት ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ ፈንታውን ጓሮ አገኘችው፤ የአገዳ ክምር ሥር ብቻውን ተቀምጧል። አጠገቡ ቁጭ ብላ ነገረችው። የጎብዬዋንም ሴት አላስቀረችም፤ ሙህሲን «ከሚገባው በላይ» ያለውንም አላስቀረችም። ሲያዳምጥ አገዳ እየላጠ ነበር፤ ስትጨርስ መላጡን አቆመ።

«እኔም በግራ ነበርኩ» አለ። «አንቺ ትከሻዬ ላይ።»

«አውቃለሁ፣ አባየ።»

አላምረው በየዓመቱ ለጥምቀት ሲመጣ እዚህ ቤት ያድር እንደነበር፣ ፈንታው ግን ምግብ አቅርቦለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላ እንደነበር ነገራት። «ከበላን በኋላ የሚጫወተኝ እሱ ነው። እኔ እሺ፣ እንቢ እያልኩ ብቻ። ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?» አለ፤ ጥያቄውን ለእሷ አልነበረም ያቀረበው። ከዚያ አገዳውን ጥሎ ተነሳ። «ይህን ለማንም እንዳትናገሪ። እሱ የከደነውን እኛ አንገልጥም።»

«ታዲያ ምን ትላቸዋለህ?»

«ምንም።»

ድንኳኑ ደጅ ሲደርስ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ፈረሱን አውርዱለት አለ። ምክንያት አልሰጠም። ማጉረምረም ተነሳ፤ ትናንት በአንድ ቃል የከለከለ ሰው ዛሬ በአንድ ቃል ሲፈቅድ ማን ዝም ይላል። ከጎረምሶቹ መሀል አንዱ፣ ሮቢት ላይ እንዳይቆም ብቻ ብሎ አፉን በእጁ ሸፈነ።

ፈንታው ሰምቶታል። «ቢቆም እኔ እገፋዋለሁ» አለ።

መኪናዋን በጣውላ አንሸራተው አወረዷት። እንደ ፈረስ ናትና ሞተሯ አይነሳም፣ ወንበሯም ላይ ማንም አይቀመጥም ተባለ፤ ግን ፈረስ ልጓም ያዥ ይፈልጋል፣ መኪና ደግሞ መሪዋን የሚይዝ። ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ ፀዲ ሄዳ በግራው መስኮት እጇን አስገብታ መሪውን ያዘች። ሴት ልጓም ይዛ አታውቅም የሚል ሽማግሌ ነበር፤ ፈንታው ቀና ብሎ ሲያየው ተወው። ጌታሁንና ጓደኞቹ ከኋላ ገፉ። ሙህሲን በቀኝ በኩል፣ በለመደው ወገን፣ እጁን በሩ ላይ አድርጎ ሄደ። ፈንታው በግራ ከፊት ከፊት እየሄደ ሕፃን የያዙትን ሴቶች ዘወር በሉ እያለ መንገድ አስለቀቀ። የሻረግ ድምጿን አወጣች።

«ገብስም አልለመደ፣ ሳርም አልቀመሰ፣
ያላምረው ፈረስ ባዶውን ደረሰ።»

ለቅሶው ግንፍል አለ። ፀዲ አላየችም፤ ዓይኗ መሪው ላይ ነበር። ቆዳው አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ተልጦ ለስልሷል። የእሷ አውራ ጣትም እዚያው አረፈ።

አደባባዩን ዞረው ወደ ድንኳኑ ሲመለሱ መሬቱ ትንሽ ያዘቀዝቃል። ገፊዎቹ በቃ ብለው እጃቸውን አነሱ። መኪናዋ ግን አልቆመችም፤ ማንም ሳይነካት ቀስ ብላ መውረዷን ቀጠለች። የእጅ ፍሬኑን ሳቢው አላት ሙህሲን በቀስታ። ፀዲ ሰምታዋለች። ፍሬኑ እጇ በሚደርስበት ነበር።

አልሳበችውም። መሪውን እንደያዘች፣ እርምጃዋን ከጎማው ጋር እያስተካከለች፣ አብራት ሄደች። መኪናዋ ሜዳው ላይ ደርሳ በራሷ ጊዜ ቆመች። ፀዲ ግን እጇን አላወጣችም፤ ጎንበስ ብላ ጉንጯን ፀሐይ ካጋለው ጣሪያ ላይ አስደገፈች።