የተለቀመ ዕድሜ

ሌሎች ሚስቶች ባላቸውን ሲጠረጥሩ ኪስ ይፈትሻሉ፣ ስልክ ይበረብራሉ። እሷ የምትፈትሸው የባሏን አሸዋ ነበር። ታላቅ እህቷ ፊቷ መጥቆሩን አይታ ሌላ ሴት ይዞብሽ ነው ወይ ብትላት፣ ምነው ሴት በሆነች ብላ መለሰች። ለሰው ቢነገር የሚያስቅ ነገር ነው፤ እሷን ግን እንቅልፍ ነስቷታል።

ሥራዋ የድንጋይ ዕድሜ መለካት ነው። መሥሪያ ቤት «ዕድሜ ጠያቂዋ» ይሏታል፤ የራሷን ሲጠይቋት ግን ትንፍሽ አትልም። ባሏ ጂኦሎጂስት ነው። ግማሽ ዕድሜውን አንድ የተራራ ሰንሰለት ላይ ሲወጣና ሲወርድ ስለፈጀ «ባለ ተራራው» የሚል ስም ወጥቶለታል። ሁለት ጥንታዊ ምድሮች ተጋጭተው ተራራውን ያነሱት ሌሎች ከሚሉት እጅግ ቀድሞ ነው ባይ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ግራናይት ነው። ግራናይቱ ቀልጦ ከሥር መጥቶ፣ የተጣጠፈውን አለት ሰንጥቆ ገብቶ፣ እዚያው ቀዝቅዞ ቀርቷል። እሱ ራሱ ግን አልታጠፈም። ስለዚህ እጥፋቱ ከግራናይቱ ይቀድማል፤ ግራናይቱ ያረጀ ከሆነ ተራራውም የግድ ያረጀ ነው።

የግራናይቱን ዕድሜ የሚናገሩት በውስጡ ያሉት ዚርኮን የሚባሉ፣ ከአሸዋ የደቀቁ ቅንጣቶች ናቸው። በውስጣቸው ያለው ዩራኒየም ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ይለወጣል፤ ማሽኑ ሁለቱን ለክቶ ዓመቱን ያወጣል። ማሽኑ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። ድንጋዩን አስፈጭቶ፣ አጥቦ፣ ቅንጣቶቹን በማይክሮስኮፕ ሥር በወረንጦ አንድ በአንድ የሚለቅመው ግን ባሏ ነው። ጥርጣሬው የገባው እዚህ ላይ ነው።

ባለ ተራራው የለቀመው ሁሉ ስድስት መቶ ሃያ ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ይወጣል። አንድም አያፈነግጥም። መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ኋላ እሱ በጉንፋን ተይዞ ሲተኛ አንዲት ባልደረባቸው ከዚያው ድንጋይ ለቅማ ሰጠቻት፤ ባሏ የሚያመጣላትን የመሰሉት ክብ ክቦቹ ያው ሆኑ፤ እሱ አምጥቶላት የማያውቀው ቀጫጭኑ ግማሽ ግን ወደ አምስት መቶ ስድሳ ወርዶ ቁጭ አለ። ለባሏ ስትነግረው ሴትዮዋ መነጽሯን ረስታ ይሆናል ብሎ አሾፈና ወሬ ለወጠ። ወሬ መለወጡን ቀልቧ አልወደደውም።

ከዚያ ወዲያ የጎሪጥ ታየው ጀመር። ለቀማ ላይ ሳለ ስትገባ ሳህኑን በመዳፉ ከለል ያደርጋል። ድሮም ያደርግ ነበር ወይስ አሁን ያመጣው ነው? ማስታወስ አቃታት። ቤት ውስጥ እያፏጨ ሸሚዙን ሲተኩስ ታየዋለች፤ የሚዋሽ ሰው እንዲህ ዘና ብሎ ያፏጫል? ወይስ እንዲህ የሚያፏጨው የሚዋሽ ሰው ብቻ ነው? ጥናቱ ደግሞ ሊታተም ተቃርቧል፤ ከስሙ ቀጥሎ የእሷ ስም አለ። ውሸት ከሆነ አብራው ልትዋሽ ነው። እውነት ከሆነ ደግሞ አንድ ትራስ የሚጋራትን ሰው በከንቱ ሌባ አድርጋዋለች። ብትጠይቀው ይቀላት ነበር። የተማረች ሴት ናትና አልጠየቀችም፤ ፈተና አዘጋጀች።

ከመደርደሪያ ላይ የቆየ፣ የሌላ ቦታ ግራናይት አወረደች። ዕድሜውን ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ ውስጡ ክብ ክብ ያሉም፣ መርፌ የመሰሉ ቀጫጭንም ዚርኮኖች አሉ። አስፈጭታ፣ የባሏን ድንጋይ ቁጥር ለጥፋ ሰጠችው። የሚመርጥ ከሆነ እጅ ከፍንጅ ይያዛል።

አልመረጠም። ክቡንም፣ ቀጭኑንም፣ የተሰበረውን ሳይቀር ለቅሞ በየረድፉ ደርድሮ አመጣላት። ያን ቀን ከትከሻዋ ሸክም የወረደላት ያህል ቀለላት፤ ራቷንም ጥግብ ብላ በላች። ሳህን ሲያነሱ ነው ያመጣባት።

«ያን ድንጋይ ለምን ሰጠሽኝ?»

«የቱን?»

«የመመረቂያሽን ድንጋይ ነዋ። ገና ሳንጋባ ከገደሉ በጀርባዬ ተሸክሜ ያወረድኩልሽን። ገና ሳየው አወቅኩት፤ የሱ ዚርኮን ሮዝ ነው፣ የእኔው ማር ነው የሚመስለው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ማን እንደተሸከመው ፈጽሞ ረስታዋለች።

«አውቀህ ለምን ለቀምከው ታዲያ?»

«ምን እንደፈለግሽ ልይ ብዬ። አየሁ።»

ፈተናዋ ከንቱ መሆኑ ገባት። እንደሚፈተን ያወቀ ሰው በሐቅ ቢለቅም ምኑ ይደንቃል? አፍራም እንኳ ጥርጣሬው አልለቀቃትም። ስለዚህ መጀመሪያ ማድረግ የነበረባትን አደረገች፤ በራሱ ድንጋይ ላይ ቀጫጭኖቹን ይተዋቸው እንደሆነ ጠየቀችው።

እተዋቸዋለሁ አለ፣ ዓይኑን ሳይሰብር። ቀጫጭኖቹ ስንጥቅ ይበዛባቸዋል፤ በስንጥቁ እርሳሱ ያመልጣል፤ እርሳስ ያመለጠው ዚርኮን ደግሞ ከዕድሜው በታች ይናገራል። ሳህኑን የሚከልለውም ትንፋሽ ስለሚያበንነው ነው፤ አንዴ አስነጥሳ የስንት ቀን ልፋቱን የበተነችበት ማን ሆነና? ሁሉም ውሃ የሚቋጥር መልስ ነው። እንዲህ ውሃ መቋጠሩ ራሱ አሳሰባት።

«ካላመንሽኝ ራስሽ ልቀሚው» አላት። «እኔ ክፍሉ ድርሽ አልልም።»

በማግስቱ አንገቷ እስኪደነዝዝ ተቀምጣ ለቀመች። ቅንጣቶቹን ሙጫው ላይ ልታጣብቅ ስትል ነው ልብ ያለችው፤ ወረንጦዋ ያነሳው በሙሉ ቀጭን ነው። ክቦቹ ሳህኑ ላይ ተኮልኩለው ቀርተዋል። ማንም ምረጪ አላላትም፤ እጇ ግን እሱ የተወውን ሲያነሳ፣ እሱ ያነሳውን ሲተው ውሏል። አፈረች፤ ተናደደችም፤ በማን እንደተናደደች ለይታ አታውቅም። ሁሉንም መልሳ ገለበጠችና ከሳህኑ አንድ ጥግ ያለውን ሳትመርጥ እንዳለ ጠርጋ አጣበቀችው።

ከመለካቷ በፊት የቅንጣቶቹን ውስጥ የሚያሳይ ፎቶ አስነሳች። መሣሪያው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው ያለው፣ ወረፋው ያታክታል፤ ባለ ተራራው ደግሞ ምን ያደርግልናል ሲል ነው የኖረው። ፎቶው ሲመጣና ማሽኑ ሲለካ ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ወጣ። ክቦቹ ሁለት ዕድሜ አላቸው። ስድስት መቶ ሃያ የሚለው መሃላቸው ግራናይቱ ቀልጦ ሲመጣ ከታች ካለ አሮጌ አለት ይዞት የወጣ ነው፤ ከግራናይቱ ጋር የተወለደው ላያቸው ላይ ያለው ስስ ልባስ ብቻ ነው። ልባሱና ስንጥቅ የሌለባቸው ቀጫጭኖች አንድ ቃል ተናገሩ፦ አምስት መቶ ስድሳ። ባሏ የቤቱን ባለቤት ትቶ የእንግዳውን ዕድሜ ሲጠይቅ ኖሯል። ተራራው መቼ እንደተነሳ ገና አልታወቀም፤ የባለ ተራራው ማስረጃ ግን አበቃለት። አውቆ ይሁን ሳያውቅ ፎቶው አይናገርም።

ወረቀቶቹን ይዛ ክፍሉ ገባች። ቆሞ አያቸው፤ ተቀመጠና ደግሞ አያቸው። ፊቱ ላይ የተያዘ ሰው ድንጋጤ ፈለገች፤ ያገኘችው ድካም ብቻ ነው። አልተከራከራትም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት በመጨረሻ። «ቁጥሩን ስታዪው ደስ አለሽ?»

አላለኝም የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የሚያምናት አልመሰላትም፤ ቢያምናት ደግሞ የባሰ ነው።

«አዎ» አለችው። «ደስ አለኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቶቹን ሰብስቦ አስተካከለና ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው።

«እኔም ቀጫጭኖቹን ስተዋቸው ደስ ይለኝ ነበር» አላት።