በረዶ የነካው ጉልበት

ተመራማሪዋ ቦግላርካ ቤተ ሙከራው ውስጥ መጭመቂያ ማሽኑን አጥፍታ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች፣ የስሌቱንና የልኬቱን፣ አስተያየች። ዛሬም አልተገናኙም። በኮምፒውተር ሞዴሏ ስሌት፣ የአሳማ ጉልበት ልም አጥንት፣ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ለስላሳ አጥንት፣ ሲጫኑት ውስጡ ያለውን ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው። ማሽኑ ላይ የነበረው እውነተኛው ግን በግማሽ ሰዓት ተሟጦ ተደፈጠጠ። አራት ወር ሙሉ እንዲሁ ነው።

“ሞዴሉ ላይ የውሃ ማሳለፊያዋን ቁጥር ከፍ አድርጊያትና ይገጥማል” አሏት አለቃዋ ፕሮፌሰር ቾንጎር፣ ከበሩ ሳያልፉ።

“ይገጥማል። እንደዚያ ዓይነት ጉልበት ያለው ሰው ግን ደረጃ አይወጣም።”

“አርብ የጥናት ጽሑፉ ለመጽሔቱ ካልተላከ ውልሽን የማሳድስበት ምክንያት የለኝም።”

በንዴት ኮቷን ደርባ ወደ ሴገድ ከተማ ገበያ ወረደች። ለሙከራዋ የአሳማ ጉልበት የሚሸጡላት ሥጋ ሻጩ ጋሽ ቬንዴል ሲያዩዋት ግንባራቸውን መቱ።

“ውይ፣ ዛሬ ሳላወጣው ረሳሁት! ትንሽ ጠብቂ፣ ገና አልቀለጠም።”

“ምኑ ነው ያልቀለጠው?”

“ጉልበቱ ነዋ! ሳምንቱን አጠራቅምልሽና ፍሪዘር አስገባዋለሁ። ጠዋት አወጣዋለሁ፣ አንቺ ስትመጪ ለስልሶ ይጠብቅሻል።”

“ጋሼ፣ ትኩስ ነው ብለውኝ አልነበር?”

“ትኩስማ ትኩስ ነው! የገማ ሸጬልሽ አውቃለሁ?”

ቦግላርካ የመደርደሪያውን ጠርዝ ያዘች። በረዶው የልም አጥንቱን ውስጥ ቀዳዶታል፤ ውሃው የሚሮጠው ለዚህ ነው። ሌት ተቀን ስትፈታው የከረመችው ሞዴል ሳይሆን፣ እስካሁን የወሰደቻቸው ሃምሳ ሁለት ልኬቶች ናቸው የተበላሹት። እንባዋ መጣ።

“ለሾርባ እኮ ምንም አይልም፣ ምን ያስለቅስሻል?” አለቻት ከኋላዋ የተሰለፈች ሴት።

ወደ ጎን ወጥታ ለፕሮፌሰሩ ደወለችና ነገረቻቸው።

“ስሚኝ፣ ገምጋሚዎቹ ሥጋ ቤት አይሄዱም። ቁጥሯን አስተካክለሽ አርብ ላኪው።”

“ሐኪሞች እኮ በዚያ ቁጥር የሰው ጉልበት ሊያሰሉበት ነው፣ ፕሮፌሰር።”

“አርብ!” ብለው ዘጉት።

ስልኩን ኪሷ ከታ ወደ መደርደሪያው ተመለሰች።

“ጋሼ፣ የሚቀጥለው እርድ መቼ ነው?”

“ማክሰኞ፣ ሊነጋጋ ሲል። ምነው?”

“አርቡ ይለፍ፤ ራሴ መጥቼ እዚያው ተቀብዬ እንደ አዲስ እለካለሁ። በሞቴ፣ ማንም ፍሪዘር እንዳያስገባብኝ።”