ሰላምታ የማይመልሰው ባል

ጦጣ ሴት አይፈራም። ልብስ ሰፊዋ ይህን የተማረችው ከመጽሐፍ አይደለም። ቆርቆሮ እየቀጠቀጠች፣ «ውጡልኝ፣ እናንት ሌቦች!» እያለች በቆሎዋ መሀል ዘው ስትል፣ አንዲት ጦጣ ልጇን ሆዷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቁጭ ብላ እሸት ትልጣለች። ቀና ብላ አየቻት፤ ልጣጩን ጣል አድርጋ መብላቷን ቀጠለች። ወይ ድፍረት! በሰው ማሳ፣ በሰው ፊት!

የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ። ነገሩ የእሸት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ይህን መሬት እሷና ባለቤቷ ጡረታ ሲወጡ ሊኖሩበት ገዝተውት፣ እሱ አንድ ቀን እንኳ ሳያድርበት ሞተ። ጓዟን ጠቅልላ ብቻዋን ስትመጣ ልጇ፣ «እማዬ፣ አብደሻል? በስልሳ ሦስት ዓመትሽ ዱር?» ብሎ አገር ይያዝልኝ አለ። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው በመጨረሻ ተስማሙ። በቆሎውን ዘርታ፣ ጠብቃ፣ ያለማንም እርዳታ ከሰበሰበች ልጅ አፉን ይዘጋል። ካቃታት ግን ያለ አንዳች ክርክር መኪና ላይ ወጥታ ከተማ ትመለሳለች። ቃሏን ሰጥታለች። እንግዲህ አንድ እሸት በተላጠ ቁጥር የልጇ መኪና አንድ እርምጃ እየቀረባት ነበር።

«አይድከሙ፣ እትዬ!» አላት አንድ ድምፅ ከሽቦው አጥር ማዶ። ከጎን ያለውን ቤት ገዝቶ ከገባ ሳምንት ያልሞላው ጎረቤት ነው፤ ጡረታ የወጣ መካኒክ፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ግሪስ ግን ገና ጡረታ ያልወጣ። አጠገቡ «ሻለቃ» ብሎ የሚጠራው፣ ጥጃ የሚያህል ውሻ ቆሟል። «ጦጣ ሴት አይፈራም። ወንድ ሲያይ ነው እግሬ አውጪኝ የሚለው። ባለቤትዎ የሉም?»

ብቻዋን የምትኖር ሴት ለማታውቀው ወንድ «የለም» ትላለች? አትልም። «አለ እንጂ! ከተማ ጉዳይ ይዞት ነው፤ ሰሞኑን ይመጣል» አለች፣ ዓይኗን ከውሻው ሳትነቅል። ውሻ ለእሷ ሞቷ ነው።

እንደ ተናደደች እቤቷ ገብታ ሳጥኑን ከፈተች። የባለቤቷ ቡናማ ኮት እዚያ ነው፤ ልጃቸው የተመረቀ ዓመት ራሷ የሰፋችለት። ሱሪውን አራት ጣት አሳጠረችው። ኮቱን ግን መቀስ ልታስነካው ብትል እጇ እምቢ አላት፤ እጅጌውን አጥፋ ተወችው። በማግስቱ ማለዳ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቧ ደፍታ፣ ዱላ ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ ግራ እግሯን ልክ እንደ እሱ ወደ ውጭ ወርወር እያደረገች ማሳው ውስጥ ገባች።

ጦጣዎቹ አንዴ አዩዋት። ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ዛፍ ላይ! የልብስ ሰፊዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ!» መካኒኩ ነው፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ኮፍያውን አንስቶ። «እንኳን ደህና መጡ!»

ክው አለች። ብትመልስለት ድምፅዋ ያጋልጣታል፤ ጎረቤቱም ይሰማል፣ ጦጣውም ይሰማል። ዝም ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

በማግስቱም «እንደምን አደሩ፣ ጋሼ!» አሁንም ጀርባ። በሦስተኛውም ቀን ጀርባ። በአራተኛው ቀን ሻለቃ በአጥሩ ሥር ሾልኮ እየጮኸ መጣባት። መጮህ አትችል፣ መሮጥ አትችል። ዓይኗን ጨፍና የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ አንድ ላይ ደባለቀችው። ውሻው ሱሪውን አሸተተ፣ የኮቱን ጫፍ አሸተተ፣ እጇን አሸተተ፤ ከዚያ ተንፍሶ ጫማዋ ላይ ተጋደመ። ከባድ ነው፣ ደግሞም ይሞቃል። ጦጣዎቹ ውሻው ዛፍ መውጣት እንደማይችል ስለሚያውቁ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ እሷ ግን ሳምንት ሳይሞላት ጆሮውን ታክክለት ጀመር።

መካኒኩ ይህን ሲያይ ቅናት ቢጤ ሳይሰማው አልቀረም። ከሰዓት በኋላ እሷን በቀሚሷ ውሃ ስትቀዳ ሲያገኛት፣ «ባለቤትዎ ደህና ናቸው?» ይላታል፣ ኮስተር ብሎ።

«ደህና ነው። ትንሽ ጆሮው ይከብደዋል» አለችው አንድ ቀን።

ምነው ባላለች! ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውዬው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አፉን በሁለት እጁ ከቦ፣ «እንደምን! አደሩ! ጋሼ!» እያለ ይጮህ ጀመር። የአካባቢው ወፍ ሁሉ ከዛፉ ብድግ ይላል። ልብስ ሰፊዋ ባርኔጣዋ ሥር በሳቅ ትፈርሳለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሳቁ መሀል ላይ እንባ ይሆንባታል።

በአምስተኛው ሳምንት የመካኒኩ ትዕግሥት አለቀ። በሯን አንኳኳ። «እትዬ፣ እንደው ምን አጥፍቼ ነው? ድምፃቸው ቢቀር እጃቸውን እንኳ ከፍ አያደርጉልኝም!»

«ጠባዩ ነው፤ አይቀየሙት።»

«ከሻለቃ ጋር ግን ጠባያቸው ጥሩ ነው!» ብሎ ተመናጭቆ ሄደ። እውነት አለው።

በቆሎው ደርቆ ግማሹን ለቅማ፣ ልጇ ምርቱን ሊያይ ቅዳሜ ሊመጣ፣ ሐሙስ ጠዋት ነገሩ ተበላሸ። መሬቱ በጤዛ ርሷል። ኮቱን ለብሳ በትልሙ መሀል ስትንጎራደድ እግሯ ተንሸራተተና ቁርጭምጭሚቷ ቀጭ አለ። «እናቴን!» ብላ ጮኸች፤ ባርኔጣው ተንከባለለ፣ ሽበቷ ተበተነ። ዛፉ ላይ ጸጥ አለ። ከዚያ ትልቁ ወንዴ ጦጣ ዘሎ ወረደ። ሌሎቹም ተከትለውት ወረዱ። ልትነሳ ሞከረች፤ እግሯ አልሸከማት አለ። ከእጇ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ፣ ዓይኗ እያየ፣ የደረቀውን በቆሎ ቀጨም ቀጨም ያደርጉት ጀመር። በዱላዋ ምድሩን ደበደበች፤ ዞር ብሎ ያያትም የለ። አለቀልኝ አለች፣ ቤቴን ሊበሉት ነው።

«ሻለቃ!» ብላ ጮኸች በገዛ ድምፅዋ። «ሻለቃዬ! ድረስልኝ!»

ውሻው ደረሰ፤ ከኋላው መካኒኩ፣ አንድ እግሩ ጫማ አንድ እግሩ ባዶ። «ጋሼ! ወደቁ እንዴ?» ብሎ ጎንበስ ሲል ፊቷን አየና ደርቆ ቀረ።

«በኋላ! በኋላ ይደነግጣሉ! በቆሎዬ!» አለችው።

ዱላዋን ነጥቆ እየጮኸ ገባባቸው፤ የመጨረሻዋን ጦጣ ዛፍ ላይ ሳያወጣ አልተመለሰም። እያለከለከ መጥቶ ፊቷ ቆመ። «እትዬ... ጋሼስ?»

«ከሞተ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው።»

መካኒኩ ኮፍያውን አውልቆ ትልሙ ላይ ቁጭ አለ። «ታዲያ እኔ አምስት ሳምንት ሙሉ ለሞተ ሰው ነው ስጮህ የከረምኩት? ምነው አንድ ቀን ተው ቢሉኝ!»

«እንዴት ተው እልዎታለሁ?» እንባዋ መጣ፣ አልከለከለችውም። «እሱ ከሞተ ጀምሮ ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ነው የሚለኝ። እሱን እንደምን አደሩ ያለው እርስዎ ብቻ ነዎት። በቆሎ ልጠብቅ እወጣለሁ እላለሁ እንጂ፣ እውነቴን ነው፣ ያቺን ሰላምታ ልሰማ ነበር የምነሳው።»

መካኒኩ ሻለቃን ደረቱ ላይ መታ መታ አደረገው። «ለመሆኑ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አላት።

«እሱማ? መንገድ ላይ የሰውን ሰላምታ ሲመልስ አውቶቡስ የሚያመልጠው!»

ሁለቱም ሳቁ። ቀስ ብላ ስለ እሱ ታወራው ጀመር፤ ፀሐይ ከፍ እስክትል ከዚያ አልተነሱም።

የቀረውን በቆሎ በሁለት ቀን የለቀመው መካኒኩ ነው። ቅዳሜ ልጅየው መጣ። መኪናውን በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ አቁሞ ገባ፤ የታሰረ እግሯን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ብቻዬን እወጣዋለሁ ብለሽኝ ነበር፣ እማዬ።»

መዋሸት ትችል ነበር። በቆሎው ግቢው ውስጥ ተከምሯል። «አልቻልኩም» አለች። «ከወደቅሁ ወዲህ ያለውን ጎረቤቴ ነው የለቀመልኝ።»

«እንግዲያው ቃልሽ ቃል ነው። ተነሺ፣ ዕቃሽን ላውጣ።»

«ቃሌን አላጥፍም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የፈራህልኝ ምን ነበር?»

«ምን ይሆናል? ብቻሽን መሆንሽን ነዋ! ብትወድቂ እንኳ ማን ያነሳሻል ብዬ!»

«ወደቅሁ» አለች፣ «አነሱኝ።»

ልጅየው አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ውሻ ስታይ መንገድ ትቀይር የነበረችው እናቱ ጉልበት ላይ ጥጃ የሚያህል ውሻ አገጩን አሳርፏል። ከወዲያ አንድ የማያውቀው ሽማግሌ ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ወደ በሩ ያዳምጣል።

«ልጄ፣» አለ መካኒኩ፣ «ያቺ ሞተር ታስላለች። ዛሬ ይዘሃት ብትሄድ መንገድ ላይ ታስቀርሃለች።»

ልጅየው እናቱን አየ፣ ውሻውን አየ። ወጥቶ ሞተሩን አጠፋ። ተመልሶ ቁልፉን ለመካኒኩ ሰጠውና እጅጌውን ጠቅልሎ በቆሎ ለመፈልፈል ተቀመጠ።