በማን?

ጓድ ገብረ መድህን የ11ኛ «ለ»ን የእንግሊዝኛ ደብተሮች ከአሥር ሰዓት በፊት ቢሮዬ አድርሽልኝ ብሎ ሲወጣ፣ መምህርት አፀደ ስልሳ ስምንቱን ደብተር ጠረጴዛዋ ላይ ቆልላ ቁጭ አለች። ሰውየው የትምህርት ቤቱ ካድሬ ነው። በእሷ ክፍለ ጊዜ ጋዜጣ ይተቻል የሚል ወሬ ደርሶታል።

ወሬው ውሸት አልነበረም። መማሪያ መጽሐፉ ለአራት ተማሪ አንድ ስለሆነ፣ አፀደ ከእንግሊዝኛው ጋዜጣ እየቆረጠች ታስተምራለች። የትናንቱ ዜና «በአርሲ የኮታው እህል በደስታ ተሰጠ» ይላል።

«እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ስታገኙ፣ በማን ብላችሁ ጠይቁ» አለቻቸው። «ሰጪውን የደበቀ ጸሐፊ ምክንያት አለው።»

ይህችን የመጨረሻዋን ባትላት ምን ነበረበት። አሥራ አራት ዓመት አስተምራ እሷ ራሷ አፏን መያዝ አልተማረችም።

ድካሙ ትከሻዋ ላይ ተጭኗት ደብተሮቹን ታገላብጥ ጀመር። ሁሉም የገለበጡት ከሰሌዳ ነው። መሀል ላይ ግን የጠይባን አገኘች፤ ከሲሬ መጥታ አሰላ ቤት ተከራይታ የምትማረዋን። ልጅቷ ስሕተት በሌለው እንግሊዝኛ፣ «አባቴ እህሉን ሰጠ። ደስ አላለውም። ለዘር ያስቀመጠውን ወሰዱበት» ብላ ጽፋለች።

አፀደ አስጠራቻት።

«ይሄን ማን አጻፈሽ?»

«ማንም። በማን ብላችሁ ጠይቁ ያሉን እርስዎ አይደሉ፣ ቲቸር?»

«ጓድ ገብረ መድህን ሊያየው ነው።»

ጠይባ መሬት መሬቱን አየች። «እንግዲያው ይቅደዱት። አባቴን ካሰሩብን የሚያርስልን የለም።»

መቅደድ አይቻልም። ተማሪዎቹ ወረቀት እየገነጠሉ ሲያስቸግሯት፣ በየገጹ ቁጥር ያስጻፈቻቸው አፀደ ራሷ ናት። የጎደለ ገጽ ደግሞ ከተጻፈው ይልቅ ያስጠረጥራል። በራሷ ተናደደች።

ልጅቷን ወደ ክፍሏ መልሳ ቀይ እስክሪብቶዋን አነሳች። በሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ላይ የልክ ምልክት አደረገች። ከሥራቸው በእንግሊዝኛ «ይህ ምሳሌ ተሰጠ» ብላ ጻፈች።

አነበበችው። ካድሬውም እንዲሁ አንብቦ፣ ማን እንደ ሰጠ ለማወቅ ጠይባን ነበር የሚጠራት። ፈራች፤ መፍራቷንም ከራሷ አልደበቀችም። ከነጥቡ አጠገብ ግን ቦታ ነበር።

«በመምህርት አፀደ» ብላ ጨመረችበትና ደብተሮቹን አቅፋ ወደ ቢሮው ሄደች።