ከውጭ ያማረው መጋጠሚያ

የኩላሊት እጥበት ክፍሉ ውሃ የሚያገኝበት የፕላስቲክ ቧንቧ ማጠፊያው ላይ ሲሰነጠቅ፣ የሆስፒታሉ ቧንቧ ሠሪ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበረች። ሚጣ ይሏታል፤ አርባ ዓመት ሞልቷትም የልጅነት ስሙ አልለቃት ብሎ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወርድ መተላለፊያው በውሃ ተጥለቅልቋል። ሮጣ ዋናውን መዝጊያ ዘጋችው።

«መጠባበቂያው ታንከር ስንት ደቂቃ ያቆያል?» አለቻት የክፍሉን ኃላፊ ነርስ።

«ሃያ አምስት ቢሆን ነው። ከዚያ ስድስቱንም ሕመምተኞች ከማሽን ማላቀቄ ነው። አምስቱ ነገ ይመለሳሉ። ወንድምሽ ግን...» ሲስተር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባለፈው በትኩሳቱ ምክንያት ሳይታጠብ ቀርቷል። ዛሬም ከተቋረጠበት ልቡ አይችለውም ይላሉ ሐኪሙ።»

የሚጣ ታላቅ ወንድም ከግድግዳው ወዲያ፣ ሦስተኛው አልጋ ላይ ነው። ሚጣ የተሰነጠቀውን ቆርጣ ጣለችና የማቅለጫ ማሽኑን ሰካች። ቦርሳዋ ውስጥ የቀሩት ማጠፊያዎች ሁለት ብቻ ናቸው።

ለዚህ ውፍረት ቧንቧ በማሽኑ የሚሞቀው ስምንት ሰከንድ ነው። ካነሰ ቆዳው ብቻ ይጣበቅና ውሃው ሲገፋው ይላቀቃል። ከበዛ ደግሞ ፕላስቲኩ ቀልጦ ወደ ውስጥ ይገባና የቧንቧውን ጉሮሮ ይዘጋል። ሚጣ የቧንቧውን ጫፍና ማጠፊያውን በጋለው ብረት ግራና ቀኝ ሰክታ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...

«ሚጣዬ! አንቺ ነሽ?» የወንድሟ ድምፅ በተከፈተው በር መጣ።

«አለሁ ጋሼ! አይዞህ!» ዞር ብላ መለሰችለት። ስትመለስ ቁጥሩ ጠፍቷታል። አስር ይሁን አስራ አምስት እግዜር ይወቀው። በድንጋጤ ነቅላ አንዱን በአንዱ ውስጥ ከተተችው።

ቀና ብላ ስታየው ልቅም ያለ ሥራ ነው። በመጋጠሚያው ዙሪያ የወጣው ቅላጭ እንደ ቀለበት እኩል ነው።

«ተመስገን!» አለች ሲስተር። «በይ ሌላውን ጫፍ ቶሎ በይ፤ አስራ አምስት ቀርቷል።»

ሚጣ አልተንቀሳቀሰችም። ትንሽም ቢሆን ውሃ ያልፍ ይሆናል እኮ። ደግሞ ውስጡን ማን ያያል? ግን ታንከሩ ካልሞላ ማሽኑ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። መቁረጫውን አነሳችና ያንን ያማረ ሥራ ገመሰችው።

«አበድሽ እንዴ?» ሲስተር ጮኸች። «ወንድምሽ ነው እኮ እዚያ የተኛው!»

«ለዚያ ነው የቆረጥኩት። እይው።»

ሲስተር ጎንበስ ብላ አየች። አውራ ጣት የሚያስገባው ቀዳዳ እርሳስ እንኳ አያሳልፍም። በሩን ዘጋችና የልብ ምት የምትቆጥርበትን ሰዓት አውጥታ ሚጣ አጠገብ በርከክ አለች። «አንቺ እጅሽን ያዢ፤ ቁጥሩን ለእኔ ተይው።»

ሚጣ የላይኛውን ቧንቧ ከማቀፊያው ፈትታ፣ የተቆረጠውን ያህል ወደ ታች ሳበችው። ለጥቂት ደረሰ። የመጨረሻውን ማጠፊያ አወጣችና የቧንቧውን ጫፍ በጨርቅ አደረቀች፤ ጠብታ ከቀረበት ሙቀቱን ይሰርቃል።

«...ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት!»

ነቀለች፣ ከተተች፣ ሳታዞር ቀጥ አድርጋ ያዘችው። ሁለተኛውንም ጫፍ እንዲሁ። ላቧ አይኗ ውስጥ ገብቶ ያቃጥላታል፤ መጥረጊያ እጅ ግን የላትም።

«ስድስት ደቂቃ ቀረን፤ ክፈቺው!»

«ገና ነው። ሳይቀዘቅዝ ግፊት ከመጣበት ይለያያል። አራት ደቂቃ ስጪኝ።»

ሚጣ በሕይወቷ እንደዚያ የረዘመ አራት ደቂቃ አታውቅም። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ማሽን መጮህ ጀመረ፤ ሌላው ተከተለው። ሲስተር ከንፈሯን ነክሳ ሰዓቷ ላይ አፈጠጠች።

«አራት ደቂቃው ሞላ!»

ሚጣ መዝጊያውን ሩብ ዙር ለቀቀችው። ቧንቧው አጉረመረመ። መጋጠሚያውን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ደረቅ ነው። ግማሽ ዙር። አሁንም ደረቅ። ሙሉውን ስትከፍተው ታንከሩ ውስጥ ውሃው ሲንዶቆዶቅ ተሰማ፤ ማሽኖቹም አንድ በአንድ ጩኸታቸውን አቆሙ።

ያኔ ሚጣ እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አለች። ሲስተር ትከሻዋን ጨበጥ አድርጋ ወደ ሕመምተኞቿ ገባች።

ወንድሟ የአራት ሰዓት እጥበቱን ጨርሶ ማምሻውን በራሱ እግር ወጣ። ታክሲ ውስጥ ስለ ኳስ ሲያወራ ቆይቶ፣ ወሬው መሃል ራሱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወሰደው። ሚጣ እንዳይነቃባት ብላ ቤት እስኪደርሱ አልተነቃነቀችም።