ዝግባ አፋፍን የዞረው ሰው

«የአባን ጫማ ማነው ያዞረው?» አለች ዋፋ።

በሩ ላይ የለቀስተኛው ጫማ ተደራርቧል፤ ሸራው፣ ነጠላ ጫማው፣ የሽማግሌዎቹ ቆዳ ጫማ። ከሁሉም ጥግ የአባቷ የጠይብ ቡናማ ጫማ ቁጭ ብሏል፤ ሶሉ ላይ የወሎ ቀይ አፈር ደርቆበታል። ጠይብ ጫማውን ሲያወልቅ ሁልጊዜ አፍንጫውን ወደ ውጭ አድርጎ ነበር የሚያስቀምጠው። «ለመውጣት እንዲያመቸኝ ነው፤ እግሬ ቤት አይወድም» ይል ነበር። ዛሬ ግን አንዱ ደግ ሰው መንገድ አስለቅቃለሁ ብሎ ወደ ውስጥ አዙሮታል፤ ልክ ገብቶ እንደማይወጣ ሰው።

«ተይው ልጄ፣ ነይ ተቀመጪ» አሉ እትዬ አስናቀች። «ሰው እየመጣ ነው።»

እትዬ አስናቀች የግድግዳ ጎረቤት ናቸው፤ የሰፈሩ ዕድር የሴቶች ኃላፊም። ጠይብ አንዋር መስጊድ፣ እሳቸው ተክለ ሃይማኖት፣ ዕድራቸው ግን አንድ። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲቀብሩ ኖረዋል። ትናንት ድንኳኑን ያስተከሉት እሳቸው፣ ማን የት ይቀመጥ የሚሉትም እሳቸው።

ዋፋ ከእናቷ ከጠሂራ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ትናንት ቀብሩ ሲወጣ አላለቀሰችም፤ ዛሬም አላለቀሰችም። ሰው «ደንግጣ ነው» ይላል። እሷ ግን ምክንያቱን ታውቀዋለች። ለአባቷ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል አልለቅ ብሏታል።

ባለፈው ሐሙስ ነበር። መርካቶ ዱባይ ተራ፣ ፎቁ ሥር፣ ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው በማይገባበት የአባቷ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ። ጠይብ ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እሷ የሠራችውን ካርታ ያያል። ዋፋ ካርታ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ውስጥ ናት፤ ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ላይ ደኑን ከእርሻው መለየት እንጀራዋ ነው። አባቷ ደግሞ ወሎ ውስጥ ተወልዶ ያደገበትን የዝግባ አፋፍ ደን፣ ስልክ ኪሱ ከቶ፣ የረገጠውን ቦታ ሁሉ ስልኩ እየመዘገበለት፣ ዓመት ሙሉ አገር ቤት እየተመላለሰ በእግሩ ዞሮ ለክቶ አምጥቶላታል። ወረዳው የሚቀጥለውን አሥር ዓመት የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሊያጸድቅ ነው። በረቂቁ ላይ ዝግባ አፋፍ የሚባል ደን የለም። ቦታው ቢጫ ተቀብቶ «ክፍት መሬት» ተብሏል፤ ግርጌው ደግሞ ለድንጋይ ማውጫ ተመድቧል። እስከ ማክሰኞ እኩለ ቀን ካርታው ካልደረሰ፣ ደኑ በወረቀት ላይ ሳይወለድ ሊሞት ነው።

«ይሄን መስመር ማን አቃናው?» አለ ጠይብ።

«እኔ ነኝ። ያንተ ጠማማ ነበር። ሰባት ቦታ ላይ ከዛፉ ወጥቶ ቁልቁል ይወርድና ይመለሳል። ስልኩ ስቶ ነው አባ፣ ያጋጥማል።»

«ስልኩን የጠገንኩት እኔ ነኝ። አይስትም።»

«እንግዲያው የሳትከው አንተ ነሃ።»

አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ ወደ መፍቻው ተመለሰ። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» አለ። «አንድ ቀን ይዤሽ ሄጄ አሳይሻለሁ።»

ቅዳሜ ማለዳ ከመስጊድ ሲመለስ፣ ደጁ ላይ ልቡ ቆመ።

አሁን እሑድ ነው። ከድንኳኑ ጥግ ሁለት ሴቶች ቡናቸውን ይዘው ይንሾካሾካሉ።

«የጠገነውን ስልክ ሁሉ ለገጠር ሰው ሲያድል ነው የኖረው አሉ።»

«ለምን ብሎ?»

«ደን ይጠብቁበታል ብሎ።»

«በስልክ ደን ይጠበቃል እንዴ?»

«እንጃ፣ ሲቆርጡት ዛፉ ይደውል ይሆናል።»

ዋፋ ሰማቻቸው። ወደ እናቷ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «እማ፣ ካርታው አልቋል፤ መላክ ብቻ ነው የቀረው። ላፕቶፑን ለአምስት ደቂቃ ልክፈተው» አለች።

እናቷ ሳትመልስ እትዬ አስናቀች ቀደሙ። «በሀዘን ቤት ኮምፒውተር? ሦስቱ ቀን ሳይወጣ? ሬዲዮ እንኳ ተከድኖ፣ አንቺ እሱን ከፍተሽ ልትቀመጪ? ሰው ምን ይላል ልጄ።»

አንዳንድ ጊዜ ክልከላም ከፈጣሪ ይመጣል፤ ይሄን ግን ዋፋ የዚያን ቀን አላወቀችም።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ከዝግባ አፋፍ አምስት ሰዎች ገቡ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው በቀጥታ ነው የመጡት፤ አቧራው ከቅንድባቸው አልረገፈም። ፊት ፊት የሚሄዱት ሼህ አብዱልከሪም የሚባሉ፣ ዘንጋቸው ከእሳቸው የሚረዝም ሽማግሌ ናቸው። ዱዓ አድርገው፣ አልቅሰው፣ አረፍ ሲሉ እትዬ አስናቀች እንደ ደንባቸው «ስልካችሁን ዝጉልን እባካችሁ» አሉ።

አምስቱም ከየኪሳቸው አውጥተው ምንጣፉ ላይ ደረደሩት። አምስት አሮጌ ስልክ፤ የሁሉም ጀርባ ላይ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ያን ፕላስተር ዋፋ ታውቀዋለች። አባቷ ጠግኖ የጨረሰውን ስልክ የሚያትመው በሱ ነበር።

«ሁሉም የጠይብ ነው?» አለች ጠሂራ፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ድምፅዋ ሲሰማ ገና ሁለተኛው ነው።

«ሁሉም የእሱ ነው» አሉ ሼሁ። «አገር ቤት ሌላ ዘጠኝ አለ። ሰው የጣለውን ነፍስ እየዘራበት ይልክልናል። መጥረቢያ የሰማ ሄዶ ፎቶ ያነሣል፤ ስልኩ ቦታውን ራሱ ይጽፋል፤ ማታውኑ ወረዳ ይደርሳል። ከዚያ ማን ይክዳል? ዘንድሮ ከዝግባ አፋፍ አንድ ዝግባ አልወደቀም።»

የትናንቶቹ ሴቶች ሲኒያቸውን አተኩረው ማየት ጀመሩ።

ዋፋ ጉልበቷን አቅፋ፣ «ሼሁ፣ አባ ሲዞር ከዛፉ እየወጣ ቁልቁል የሚወርደው ለምን ነበር?» አለች።

«ስንት ቦታ ላይ?»

«ሰባት።»

«ሰባት፤ በይ እንግዲህ» አሉ ሼሁ ፊታቸው በርቶ። «ምንጮቹ ናቸዋ! ዝናቡን ደኑ ይጠጣዋል፤ መልሶ የሚሰጠው ግን ዝቅ ብሎ፣ ዛፉ ካለቀበት በታች ነው። የእኛ ሰው ደን ሲል ዛፉን ብቻ አይደለም፣ ምንጩንም ይዞ ነው። አባትሽ እያንዳንዷ ድረስ ወርዶ፣ ለሶላት ታጥቦ ውዱእ አድርጎ ነበር የሚመለሰው። እኛ ላይ ቆመን እንጠብቀዋለን። አንዴ እንኳ አላቋረጠም።»

ዋፋ ያቃናችው መስመር ሰባቱንም ምንጮች ውጭ አስቀርቷቸዋል፤ ለድንጋይ ማውጫው አስረክባቸዋለች። ትናንት ብትልከው ኖሮ አልቆ ነበር።

«አባ አልሳተም» አለች፤ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ። «የሳትኩት እኔ ነኝ። የእሱን መስመር አጥፍቼዋለሁ። ያለው ስልኩ ላይ ብቻ ነው።»

ጠሂራ እጇን ከሻርፗ ሥር ከተተች። የባሏን ስልክ ከደረቷ አወጣችው። ሁለት ቀን ሙሉ ማንም እንዳይነካው እዚያው ይዛው ነበር። ሞቅ እንዳለ ለልጇ ሰጠቻት።

ሁሉም ወደ እትዬ አስናቀች ዞረ። እትዬ አስናቀች ነጠላቸውን አጠበቁ፤ አምስቱን ስልክ አዩ፤ ሼሁን አዩ።

«ሰው ውሃ እስኪያጣ የሚለቀስ ለቅሶ አላውቅም» አሉ። «አምጪው ኮምፒውተሩን።»

ላፕቶፑ የንፍሮው ሰሃን ተነሥቶለት ምንጣፉ መሐል ተከፈተ። ከስልኩ ላይ የጠይብ ጠማማ መስመር ወጣ፤ ደኑን ከቦ፣ ሰባት ቦታ ላይ ለመጠጣት እንዳጎነበሰ ከብት አንገቱን ቁልቁል እየሰደደ። ዋፋ በጣቷ ስትከተለው አንድ ቦታ ላይ ተቋረጠባት። ከትልቁ ሾላ እስከ መነሻው ድረስ ባዶ ነው። በእሷ ካርታ ላይ ያንን ክፍተት በቀጥታ መስመር ገጥማው ነበር።

«ይቺስ ለምን ቀረች? ያልተገጠመ መስመር ስፋት የለውም። እንዲህ ሆኖ አይቀበሉትም።»

ሼህ አብዱልከሪም ዘንጋቸውን አሻሹ። «እኛ እንዙራት ብለነው ነበር። ከለከለን። ‹ይቺን ተዉልኝ፣ ከልጄ ጋር ነው የምዞራት› አለ። የእናቱ መቃብር ያለው እዚያ ነው። ቃሉ ስለሆነ ማንም አልረገጣት።»

ያን ጊዜ ነው ዋፋ ያለቀሰችው። ማንም ዝም በይ አላላትም፤ ሼሁ ብቻ ቀስ ብለው «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ይላሉ።

ሲወጣላት ፊቷን ጠረገች። «ቀነ ገደቡ ነገ እኩለ ቀን ነው። ከዚህ ተነሥቶ የሚደርስ የለም።»

«አገር ቤት ኢማን አለች» አሉ ሼሁ። «ከጠባቂዎቹ ሁሉ ፈጣኗ እሷ ናት። ግን ያለ አንቺ ፈቃድ ያቺን ቦታ አንነካትም።»

«ትዙራት» አለች ዋፋ። «እኔም አብሬያት እዞራለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኢማን ከሾላው ሥር ደወለች። ዋፋ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ወደ በሩ ሄደች፤ የአባቷን ጫማ አደረገችው። በእያንዳንዱ ሁለት ጣት ይተርፋል። ክሩን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ከድንኳኑ እስከ ውጭ በሩ፣ ከውጭ በሩ እስከ ድንኳኑ መሄድ ጀመረች።

«ምንድን ነው ጩኸቱ?» አለች ኢማን፤ አጥሩ ሥር ተሸካሚዎች «ዞር በል! ዞር በል!» እያሉ ያልፋሉ። «ሀዘን ቤት አይደለሽም እንዴ?»

«መርካቶ ነዋ። ለማን ብሎ ይዘጋል።»

«እሺ፣ ቀስ በይ፤ እኔ ዳገት ላይ ነኝ፣ አንቺ ሜዳ ላይ። እንዳትቀድሚኝ።»

ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛው ሁሉ ላፕቶፑን ከቧል። ኢማን በረገጠች ቁጥር አንድ ነጥብ ይጨመራል። እትዬ አስናቀች መነጽራቸውን አጥልቀው ለኋለኞቹ ይናገራሉ፤ «አሁን ታጠፈች። አሁን ቆመች። ምን ሆና ቆመች?»

«አያትሽ ጋ ደርሰናል» አለ የኢማን ድምፅ። «ሰላም በያት።»

ዋፋ ግቢው መሐል፣ በልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆመች። «አሰላሙ ዓለይኪ እማማ» አለች። ንፋሱ በስልኩ ውስጥ ሲያልፍ ተሰማት። የዝግባ ንፋስ ነው፤ ሰምታው አታውቅም፣ ግን አወቀችው።

ግማሽ ሰዓት እንደሄዱ ከድንኳኑ አንድ ትልቅ «እፎይ» ወጣ። መስመሩ ገጥሟል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሄክታር፣ ሰባት ምንጭ፣ አንድ መቃብር። ዋፋ ጫማውን ሳታወልቅ ገብታ፣ ተንበርክካ ላከችው። አራት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር።

ኢማን በዚያው እግሯ ዕቅዱ የሚጸድቅበት ስብሰባ ወዳለበት የወረዳው አዳራሽ ወረደች። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ምሳውን በደንብ የበላ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሼሁ ስልክ ጮኸ። እትዬ አስናቀች ራሳቸው «አንሡት፣ አንሡት» አሉ።

«አረንጓዴ ተቀባ» አለች ኢማን። «ሰባቱም ውስጥ ናቸው። ድንጋይ ማውጫው ተሰረዘ። የወረዳው መሐንዲስ ‹ይሄን በእግሩ የለካው ማነው?› ብሎ ጠየቀ። ጠይብ ነው አልነው፤ መዝገቡ ላይ ጻፈው።»

በሀዘን ቤት ደስታ ሲመጣ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ የለም። ሼህ አብዱልከሪም እጃቸውን ዘርግተው ለጠይብ ዱዓ አደረጉ፤ ሁሉም «አሚን» አለ። እትዬ አስናቀች ግን እንደቆሙ ቀሩ። ጠሂራን አዩዋት። ጠሂራ እንባዋ እየወረደ ራሷን ነቀነቀችላቸው።

«እንግዲህ ዕድሩ ይቅጣኝ» አሉ እትዬ አስናቀች፤ እልልታቸውንም ለቀቁት።

ያ የትናንት በስቲያ ሐሜተኛ ሁሉ ተከተላቸው። ከአጥሩ ውጭ ተሸካሚዎቹ ቆመው፣ «ሰርግ ነው ለቅሶ?» ተባባሉ።

አመሻሹ ላይ ድንኳኑ ፈረሰ፤ ሼሁና ሰዎቻቸው ተሰናብተው ወጡ። ዋፋ በሩ ላይ ተቀምጣ ጫማውን ፈታች። ከወሎው ቀይ አፈር ላይ የመርካቶ አቧራ ተደርቦበታል። ልታራግፈው አነሣችና ተወችው። ጥንዱን አስተካክላ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙራ አስቀመጠችው።